ከደረጀ ጋር ምሳ የበላን ሰዎች

ባለፈው ቅዳሜ የልጄ ልጅ፣ ጓዳ ጥግ ጨርቅ ለብሳ የከረመችውን የእግር ስፌት መኪናዬን ገላልጣ፣ በስልኳ ያየችውን እያስመሰለች ዘይት ታጠጣት ጀመር። ሽታው ቤቱን ሲሞላው እኔ ከምስር ለቀማዬ ተነጥዬ ሄድኩ። የስፌት መኪና ዘይት ለሌላው ሰው ምን ምን እንደሚል አላውቅም፤ ለእኔ ግን መንዝ መንዝ ይለኛል። ቆርቆሮ ጣራው በነፋስ የሚያጨበጭብ፣ መስኮቱ ወደ ገደሉ አፍ የተከፈተ፣ ግድግዳው ላይ የወረቀት ቀሚስና የወረቀት እጅጌ የተንጠለጠለበት ያ የማስተማሪያ ክፍሌ ዓይኔ ላይ መጣ። ሴት ተማሪዎቼ መኪናውን ሲረግጡ የሚወጣው ድምፅ፣ ከሩቅ ለሚሰማው፣ በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ ይመስል ነበር። “እማማ፣ ብቻሽን ትስቂያለሽ እንዴ?” አለችኝ ልጅቷ። መሳቄን እንኳ አላወቅኩትም።

እኔ የመርሐቤቴ ሰው ነኝ፤ ዓለም ከተማ ተወልጄ፣ ዓለም ከተማ ተድሬ፣ ሙቀት የለመድኩ። ካርታ ላይ መርሐቤቴና መንዝ ጎረቤት ናቸው፤ በመኪና ግን ሸለቆው አላሳልፍ ስለሚል አገር ዞሮ ነው የሚደረሰው። መምህርት ሆኜ ከሞላሌ ወደ ላይ ወደሚገኘው ኮሌጅ ስመደብ እናቴ እንደ ዘማች ነው የሸኘችኝ። “ልጄን ብርድ ሊበላት ነው” ብላ። አልተሳሳተችም። መጀመሪያ በገባሁበት ሰሞን ሹራብ በሹራብ ላይ ለብሼ ስሄድ ያዩኝ ተማሪዎች “ቲቸር፣ ሱቅ ሊከፍቱ ነው?” ብለው ሲስቁብኝ ትዝ ይለኛል። ባለቤቴ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። ገብስና በግ ጭኖ ይወርዳል፤ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ጭኖ ይወጣል። በሳምንት አንዴ መንገዱ ሲፈቅድለት ቤት ያድራል። ሞባይል የሚባል ነገር እኛ ዘንድ ገና ስላልደረሰ መምጣቱን የማውቀው ከከተማው መግቢያ ካለው ዳገት ላይ በሚነፋው ጥሩምባ ነበር።

ኮሌጅ ይባል እንጂ ሦስት ረጃጅም የድንጋይ ቤቶች፣ አንድ የእንጨት ሥራ ዳስና አንድ ሻይ ክበብ ነው። መንግሥት ተለውጦ ዓመታት አልፈው፣ “ሙያ” እና “ሥልጠና” የሚሉት ቃላት በየስብሰባው እንደ ጨው የሚነሰነሱበት ጊዜ ነበር። ልጆቹ ከግሼ፣ ከቀየት፣ ከሞላሌ ዙሪያ፣ አንዳንዶቹም ከደጋው ጫፍ ቁልቁል ከሚታዩት የቆላ ከተሞች ይመጣሉ። አለባበሳቸው ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ፤ ወንዶቹ ከታች ሰፊ ጂንስና ሸራ ጫማ፣ ከላይ የአባታቸውን በርኖስ። ሁለት ዘመን በአንድ ሰው ላይ ተሰፍቶ የቆመ ነበር የሚመስለው። ዳቦ በስሙኒ፣ ሻይ በሃምሳ ሳንቲም። ሻይ ክበቧ ውስጥ አንዲት ቴፕ ነበረች፤ ካሴት በበላች ቁጥር አንዱ ተነስቶ በእስክሪብቶ ይጠቀልልና ዘፈኑ ከተቋረጠበት ይቀጥላል። የዛሬ ልጆች እስክሪብቶና ካሴት ምን እንዳገናኛቸው ብትጠይቋቸው አያውቁትም።

ደረጀን ያወቅኩት በድንጋይ ነው። የክፍሌ መግቢያ ደረጃ ተሸራርፎ ተማሪዎቼን በየቀኑ ያደናቅፋቸው ነበርና፣ ከግንባታ ክፍል አንድ ተማሪ ተላከልኝ። በሩን ሙሉ የሚይዝ፣ ትከሻው እንደ በር መቃን የሰፋ፣ ድምፁ ግን ለስለስ ያለ የግሼ ልጅ። ድንጋዩን እያዟዟረ ሲመለከት ቆየና “ይሄ ድንጋይ ተገልብጦ ነው የተቀመጠው፤ ጀርባው ላይ ነው ስትረግጡት የኖራችሁ” አለ። ተማሪዎቼ በሳቅ ሞቱ። ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር በተሰበረ ቁጥር፣ አንዳንዴም ሳይሰበር፣ “ደረጀን ጥሩት” ሆነ። ሴቶቹ ይወዱት ነበር። ከሁሉም ይልቅ ዘሃራ። ዘሃራ ከቆላ ከተማ የመጣች የሙስሊም ነጋዴ ልጅ፣ ምላሷ ከመቀሷ የሰላ፣ ለማንም የማትመለስ ተማሪዬ ናት። ደረጀን “ወንድሜ ብትሆን አባቴ ሁለተኛ ሱቅ ይከፍት ነበር” ትለዋለች።

ወሬው የወጣው ከራሱ አፍ ነው። ደረጀ ከአገሩ ልጅ ከሙሉጌታና ከሌሎች ጋር ከተማው ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተው ነበር የሚኖሩት፤ ስንቃቸውን ከቤት እያመጡ፣ በሶና ቆሎ እየተካፈሉ። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ ሙሉጌታ “እናትህ ያጨችልህን ልጅ ለምን እንቢ አልክ?” ብሎ አጥብቆ ጠየቀው። ከሕፃንነት ጀምሮ አብሮ ያደገ ጓደኛ ነውና ደረጀ እውነቱን ነገረው፤ ልቡ ሴት ላይ እንደማያርፍ፣ ካወቀ ጀምሮ እንዲህ እንደሆነ፣ መዋሸት እንደሰለቸው። ሙሉጌታ ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ግን የሰማው ነገር ከብዶት ለአንድ ሰው አካፈለ፣ ያም ለሌላው። ሰኞ ጠዋት ኮሌጁ በሙሉ ያውቅ ነበር። ያን ጊዜ ወንድ ሆኖ ወንድ ለሚወድ ሰው የነበረን ስም ስድብ ብቻ ነው። ያን ስድብ የልጁ ጀርባ ላይ ለጠፉት። የክፍሉ ልጆች መኝታውንና ስንቁን አውጥተው ደጅ አስቀመጡ፤ አከራዩም “እኔ ጣጣ አልፈልግም” አለ።

ማክሰኞ ቀትር ላይ ምሳ ዕቃዬን ይዤ ሻይ ክበብ ስገባ ያየሁትን አልረሳውም። ቦታ ጠፍቶ ሰው ቆሞ ሻይ ይጠጣል፤ በመስኮቱ ጥግ ያለው ትልቁ ጠረጴዛ ግን ባዶ ነው። ባዶ አይደለም፤ አንድ ሰው ብቻ ተቀምጦበታል። ደረጀ ያን ሰፊ ትከሻውን ሰብስቦ፣ ያልነካው ሻይ ፊቱ ቆሞ፣ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሏል። ቴፑ ብቻ ነው የሚያወራው። እኔ ስለዚህ ነገር የተማርኩት የለም። ያነበብኩትም የለም። ያወቅኩት አንድ ነገር ነው፤ ይህ ልጅ ትናንትና ደረጃዬን ሲሠራልኝ የነበረው ልጅ ነው፣ ዛሬ ብቻውን ነው። ሄጄ ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

“እስቲ ጠጋ በልልኝ” አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና በሹክሹክታ “ቲቸር፣ ተዉ አይቀመጡ። ስምዎ ይነሳል” አለኝ።

“ስሜ ተነስቶ የት ሊደርስ? ከዚህ በላይ ከፍታ የለም፤ መንዝ ላይ ነን” አልኩና ተቀመጥኩ። ምሳ ዕቃዬን ከፈትኩ፤ ሽሮ ነው። እንጀራውን ወደ እሱ ገፋሁለት። አንድ ጉርሻ ጠቅልሎ ሲውጥ ዓይኑ ሞላ፤ እኔም እንዳላይ ሆኜ “በርበሬው በዝቷል መሰለኝ” አልኩት። “እህ… አዎ፣ በዝቷል” አለ። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅ አመለጠን።

በማግስቱ ዘሃራ መጣች። ወንበር ከሌላ ጠረጴዛ እየጎተተች፣ ሁሉም እንዲሰማ ሆን ብላ እያስጮኸችው። “ምነው፣ ወንበሩ ተላላፊ በሽታ አለው እንዴ?” አለች ለተሰበሰበው ሁሉ። ከእኔ ሽሮ ቆርሳ “ሥጋ ቢሆን አንበላም ነበር፤ ሽሮ ግን ሃይማኖት የለውም” ብላ ጎረሰች። ቀስ በቀስ ሌሎቹ የስፌት ተማሪዎቼም እየተንጠባጠቡ መጡ። እውነቱን ለመናገር አንዳንዶቹ ነገሩ ገብቷቸው ሳይሆን ዘሃራን ፈርተው ነው። ይሁን። አብሮ መብላት በፍርሃትም ቢጀመር ሲለመድ ሌላ ነገር ይሆናል።

በዚያው ሳምንት የንድፍ መምህሩ ንጉሤም መጣ። ንጉሤ ቁጥብ ሰው ነው፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ከማንም ጋር የማይጣላ፣ ማንንም የማይጠጋ፣ ሚስት ያላገባ። ሻዩን ይዞ በሩ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እንደሚገባ ሰው ትንፋሹን ስቦ መጣና ከደረጀ ጎን ተቀመጠ። “ደረጀ፣ የሰጠሁህን ንድፍ ጨረስክ?” አለ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። መቀመጡ ለምን እንዲያ እንደከበደው በዚያን ሰዓት አላወቅኩም።

እንቅልፍ የነሳኝ ነገር አልነበረም ብል ዋሸሁ። ሃይማኖቴን እወዳለሁ፤ ጾሜን እጾማለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባቴን ጠጋ ብዬ አጫወትኳቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። “አባ፣ ሰው ሁሉ ይሸሸዋል፤ እኔ ደግሞ አብሬው ምሳ እበላለሁ። ኃጢአት ይሆንብኛል?” አልኳቸው።

“ስለ ልጁ ነገር የቤተ ክርስቲያኑን ቃል ታውቂያለሽ፤ እኔ አልለውጠውም” አሉኝ። ልቤ ወረደ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ገለጡና “ስለ ምሳው ከሆነ የጠየቅሽኝ፣ ብቻውን የተቀመጠ ሰው አጠገብ መቀመጥ ኃጢአት ነው የሚል መጽሐፍ እኔ አላነበብኩም። እስከ ዛሬ ብዙ አንብቤያለሁ። ሂጂ፣ ብዪ” አሉኝ። ከዚህ የበለጠ አልሰጡኝም፤ እኔም ከዚህ የበለጠ አልፈለግኩም።

ደረጀ ማደሪያ አጥቶ እንጨት ሥራው ዳስ ውስጥ እንደሚተኛ ስሰማ፣ ግቢዬ ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ሰጠሁት። በገባ በሦስተኛው ቀን የግድግዳውን ቀዳዳ ሁሉ በጭቃና በገለባ ደፈነልኝ፤ የእኔንም ቤት ጨመረልኝ። መንዝ ከገባሁ ወዲህ ገና ያን ዕለት ነው ነፋስ ሳይገስጸኝ ያደርኩት። ባለቤቴ በመጣ ጊዜ ግን ነገሩን ቀድሞ ሞላሌ ጠላ ቤት ሰምቶት ኖሯል። መኪናውን አቁሞ ገባና፣ ግቢው ውስጥ እንጨት የሚፈልጠውን ግዙፍ ልጅ ከላይ እስከ ታች አየው። ቤት ገብቶ ባርኔጣውን አወለቀ።

“አስካለ፣ ሰው የሚለውን ሰምተሻል?”

“ሰምቻለሁ።”

“ልጁ እንደሚሉት ነው?”

“ነው። ራሱ ነግሮኛል። ለአንተም ቢሆን አይዋሽህም።”

እኔ ለሙግት ወገቤን ጠበቅ አድርጌ ነበር። እሱ ግን ጢሙን እያሻሸ “እንግዲያውስ እኔ መንገድ ላይ ስሆን በቅናት ከመሞት ተገላገልኩ” አለና ያን የሹፌር ሳቁን ለቀቀው። ከዚያ በኋላ በመጣ ቁጥር “የኔ ግንበኛ” እያለ ነው የሚጠራው። ሰው ከየት በኩል እንደሚቃና አታውቁትም፤ አንዳንዱ በስብከት አይመለስም፣ አንድ ቀልድ ግን በሩን ይከፍትለታል።

ይህ ሁሉ ሳቅ ነበር ብዬ ግን አላታልላችሁም። አንድ የገበያ ቀን ዘሃራ ፊቷ ተለዋውጦ ክፍሌ ገባች። ከግንባታና ከእንጨት ሥራ የተውጣጡ ልጆች ከኮሌጁ በታች ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ዱላ ይዘው ደረጀን እየጠበቁት እንደሆነ ሰምታለች። ወደ ከተማው ሌላ መንገድ የለም። ፖሊስ ጋ ብንሄድ ደግሞ ሕጉ ከማን ወገን እንደሚቆም እናውቀዋለን፤ ዱላ የያዙትን ትተው እሱን ነው የሚይዙት። አስጠርተን ስንነግረው ደረጀ “እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ፤ እናንተ እንዳትነኩ” አለ። ዘሃራ የመለኪያውን ሜትር አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ “አንተ ዝም በል፤ ሙሽራ አይናገርም” አለችው።

ያንን ሰልፍ ብታዩት! የስፌት ክፍል ሴቶች በሙሉ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ፣ ነጠላቸው በወገባቸው፣ ደረጀን መሐል አስገብተው፣ እንደ ሰርገኛ እያጨበጨቡና እልል እያሉ ቁልቁል ወረዱ። እኔ ከፊት፣ ንጉሤ የተተኮሰ ሸሚዙን እንደለበሰ ከኋላ። ባሕር ዛፉ ጋ ስንደርስ ልጆቹ ዱላቸውን ይዘው ብድግ አሉ። እኔ ማጨብጨቤን አላቆምኩም። ከመሐላችን አንዷ፣ ብርቄ የምትባል ዝምተኛ ልጅ፣ በክፍል ውስጥ ድምፅዋን እንኳ ሰምቼ የማላውቃት፣ ከሰልፉ ወጥታ ዱላ ከያዙት የአንዱን ክንድ ጨበጠች። ታላቅ ወንድሟ ነው።

“እማዬ በሶ ቋጥራ የላከችህ ለዚህ ነው?” አለችው። “ምታ እንጂ! ከእኔ ጀምር!”

ልጁ ዱላውን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ትከሻው ላይ አጋደመው፣ መልሶ አወረደው፣ በመጨረሻ እንደ መቋሚያ ተደገፈው። ዘሃራ “ቁም ነገረኛ ከሆናችሁ ኑና አጅቡ፤ ወንድ አጃቢ አንሶናል” ስትላቸው አንዱ ሳቀ። አንዱ ከሳቀ በኋላ ድብደባ አይሆንም። መንገዱን ለቀቁልን፤ እኛም እያጨበጨብን አለፍን። ቤቴ ደርሰን በሩን ከዘጋን በኋላ ግን ሁላችንም መሬት ላይ ተቀምጠን አለቀስን፤ ደረጀ ራሱ ነበር “እናንተ፣ ሰርግ ላይ አይለቀስም” እያለ የሚያባብለን።

ከዚያ ግምገማ መጣ። የዚያን ዘመን ሰው ግምገማ ሲባል ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ሂስ አለ፣ ግለ ሂስ አለ፣ መውጫው የማይታወቅ ረጅም ከሰዓት በኋላ አለ። የኮሌጁ ዲን ወንበሩን የሚወድ፣ ሁከት የሚፈራ፣ በተፈጥሮው ግን የማይከፋ ሰው ነበር። አጀንዳው የደረጀ መባረር ነው። አንዱ መምህር ተነስቶ “ቲቸር አስካለ የኮሌጁን ስም የሚያጎድፍ ተግባር እያበረታታች ስለሆነ መጀመሪያ እሷ ግለ ሂስ ታድርግ” አለ። ተነሳሁ።

“ግለ ሂሴ አንድ ነው፤ ማክሰኞ ዕለት የበላነው ሽሮ በርበሬው በዝቶ ነበር፤ አሻሽያለሁ” አልኩ። ኋላ የተቀመጡት ሳቁ። “አሁን ደግሞ ልጠይቅ። ደረጀ ሰርቋል? ሰው ደብድቧል? ክፍል ቀርቷል? ማንንስ ያለፈቃዱ ነክቷል? የሠራውን ጥፋት ንገሩኝና እኔው ራሴ ልቅጣው። የሆነውን ግን አትንገሩኝ። ሰው በሆነው አይባረርም።”

ጉርምርምታ ተነሳ። “ባህላችን”፣ “ሕጉ”፣ “ወላጆች ምን ይላሉ” ተባለ። ያን ጊዜ ንጉሤ ብድግ አለ። በስብሰባ ተናግሮ አያውቅምና ሁሉም ዞሮ አየው። ፊቱ ወረቀት መስሏል። “ደረጀ ተማሪዬ ነው። ጎበዝ ነው። የእሱን ወንበር ከዚህ ኮሌጅ የምታወጡ ከሆነ፣ የእኔንም አብራችሁ አውጡ” አለና ተቀመጠ። የተናገረው ይህን ብቻ ነው። ዲኑ ሰዓቱን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ መነጽሩን ጠረገ፤ “እንግዲህ ጉዳዩ ሰፊ ስለሆነ በይደር እናቆየው” አለ። በእኛ አገር መሥሪያ ቤት በይደር የተቀመጠ ነገር መቀበሩ ነው። ዳግመኛ አልተነሳም። ዲኑ ይህን አውቆ እንዳደረገው አምናለሁ፤ ለዚያም እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ከስብሰባው ወጥተን ከንጉሤ ጋር በገደሉ አፋፍ በእግር ተጓዝን። ጭጋጉ ከሥር እየወጣ ነበር። “እትዬ አስካለ” አለኝ፣ ቲቸር ማለቱን ትቶ፣ “እኔም እንደ ደረጀ ነኝ።” አውቄ ነበር ብል ውሸት ነው። ያን ጊዜ ነው ብዙ ነገር የገባኝ። እኔ ያ ጠረጴዛ ላይ ስቀመጥ ሰው ቢበዛ “ሞኝ ናት” ይለኛል፤ ባል አለኝ፣ ልጅ አለኝ፣ ማንም አይጠረጥረኝም። እሱ ሲቀመጥ ግን ሥራውን፣ ስሙን፣ ምናልባትም ነፍሱን ይዞ ነው የተቀመጠው። እኔ ሻይ ጠጣሁ፤ እሱ ገደል ዘለለ። “መጀመሪያ እርስዎ ባይቀመጡ ኖሮ እኔ በሩ ላይ እንደቆምኩ እቀር ነበር” አለኝ። እጁን ያዝኩት። እንደ እሱ ያሉት እርስ በርሳቸው “ዜጋ” እንደሚባባሉ ያን ዕለት ነገረኝ። ዜጋ! ቃሉን እያሰብኩ ሄድኩ። ለራሳቸው ካወጡት ስም ሁሉ የመረጡት የዚህ አገር ሰው ነን የሚለውን ነው።

ሙሉጌታ መጨረሻ ላይ መጣ። እናቱ ጌጤነሽ አዲስ በሶ ልካለት ኖሮ፣ በስልቻ ይዞ ጠረጴዛችን ጫፍ ላይ ቆመ። “ቦታ አለ?” አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። ደረጀ ስልቻውን አየው። ዘሃራ አፏን ልትከፍት ስትል በእግሬ ነካኋት። “በሶው የእትዬ ጌጤነሽ ነው?” አለ ደረጀ። “አዎ።” “ቅቤ ገብቶበታል?” “ገብቶበታል።” “እንግዲያው ምን ትቆማለህ!” አለው። ሁለቱ ጓደኛሞች እንደ ቀድሞው ሆኑ ማለት አልችልም፤ ግን በሶውን አብረው በጠበጡት።

ያቺ የመስኮት ጥግ ጠረጴዛ በኋላ “የአስካለ ጠረጴዛ” ተብላ ቀረች። በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ሲገባ አንዳንዱ ምሳውን ይዞ ሳይጠራ ይመጣል። ከቀየት የመጣች፣ ቀሚስ አልለብስም ብላ ከቤተሰቧ የተጣላች ልጅ ነበረች፤ ጎበዝ አናጢ ሆነች። ዝም ብሎ ተቀምጦ ዝም ብሎ የሚሄድ ልጅ ነበር። ምን እንደሆኑ ጠይቀናቸው አናውቅም፤ ሊነግሩን ሲፈልጉ ነገሩን፣ የነገሩንም ከዚያ ጠረጴዛ አልወጣም። ሲመሻሽ ብቻውን ወደ ቤት የሚሄድ አልነበረም። ሌላ የተለየ ጥበብ አልነበረንም። አንዳንዱ ለችግሩ ሳይሆን ለሽሮው ነበር የሚመጣው፤ እሱንም አላባረርንም። ዛሬ ነገሩ ቀሏል አልልም፤ ስልክ ከመጣ ወዲህ ስድብ እግር ሳይሆን ክንፍ አውጥቷል። ያን ጊዜ ዱላ የያዘውን ዓይን ዓይኑን ማየት ይቻል ነበር። ቢሆንም የሚቀመጥ ሰው ዛሬም አይጠፋም ብዬ አምናለሁ።

ደረጀ በማዕረግ ተመረቀ። ንጉሤ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፤ እዚያ እንደ እሱ ካሉት ጋር ደስ ብሎት ይኖራል። ዘሃራ የራሷ ስፌት ቤት አላት፤ ምላሷ ግን እንደ ጥንቱ ነው። ደረጀ ሥራ ፍለጋ ወደ ትልቅ ከተማ ሄዶ ቤት ሠሪ ሆነ፣ የራሱንም ቤት ሠራ። እዚያ ሀብታሙ ከሚባል ሰው ጋር ይኖራል። ለጎረቤት ጓደኛሞች ናቸው፤ ለእኔ ግን ሌላ ስም ሳልፈልግላቸው ባለትዳር ናቸው። በዓል ሲመጣ ይደውሉልኛል፤ ስልኩን እየተነጣጠቁ፣ “እኔ ልቅደም፣ እኔ ልቅደም” እያሉ።

የደረጀ እናት ግሼ ናቸው። ወሬውን በዚያው ዘመን ሰምተውት ነበር፤ አላባረሩትም፣ አላነሱትምም። ልጃቸው ስልክ ከገዛላቸው ወዲህ በየእሑዱ፣ ኔትወርክ ወደሚያገኙበት ጉብታ ወጥተው ይደውሉለታል። ሀብታሙ እዚያው እንደሚኖር ያውቃሉ፤ ሲስቅም ሲያስልም ይሰሙታል። ግን ለዓመታት ጥያቄያቸው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ “እንዴት ነህ ልጄ? ብርዱ አልጎዳህም? በላህ?” ደረጀም “ደህና ነኝ እማዬ፣ በልቻለሁ” ይላል፤ ስልኩ ይዘጋል።

ባለፈው ክረምት አንድ እሑድ ጠዋት ደረጀ ደወለልኝ። በዓል አልነበረም፤ ደንግጬ አነሳሁት። ድምፁ ይቆራረጥ ነበር፤ ማልቀሱ ይሁን መሳቁ አለየልኝም። “ምነው? እናትህ ደህና አይደሉም?” አልኩት።

“ደህና ናት፤ አሁን ደውላ ዘጋች” አለኝ። “እትዬ፣ ዛሬ እኮ… ዛሬ ‘እንዴት ናችሁ’ አለችኝ።”